ከአውሮፕላን የተረፈ ጋዝ

አባቴ አውሮፕላን ላይ ተሳፍሮ አያውቅም። ሃያ ዓመት ያህል ግን አውሮፕላን ሲያበላ ኖሯል። «ማብላት» የሚለው ቃል የራሱ ነው፤ ነዳጅ መሙላት አይለውም ነበር። «ዛሬ ሦስት ትልልቆች አበላሁ» ይለን ነበር ሲገባ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ እያወለቀ።

ቤታችን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ጠዋት ማንም ሳይነሳ ይወጣል፣ ሁለት አውቶቡስ ይቀያይራል፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ አውሮፕላን ማረፊያው ይደርሳል። እዚያ ቦቴውን ነድቶ ክንፍ ሥር ያቆማል፣ ቱቦውን ይሰካል፣ ቆጣሪው ሲዞር ቆሞ ይጠብቃል። ቱታውን እናቴ ቤት አታስገባውም ነበር፤ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ሽታው ግን ከቱታው ጋር አይቀርም። ፀጉሩ ውስጥ፣ መዳፉ ስንጥቅ ውስጥ፣ በሚተኛበት ትራስ ላይ ነበር። እሱ የለበደልኝ ደብተር ሳይቀር ስለሚሸት ልጆች ትምህርት ቤት «ጋዟ» ይሉኝ ነበር።

በሥራው የሚኮራበት አንድ ነገር ዓይኑ ነው። አውሮፕላኑን ከማብላቱ በፊት ከቦቴው ሥር ትንሽ ነዳጅ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ያሽከረክረዋል፣ ወደ ብርሃን ያነሳዋል። ውሃ ካለበት ከጠርሙሱ ሥር ተለይቶ ይንከባለላል። «አንዲት ጠብታ ውሃ ሰማይ ላይ ስትደርስ በረዶ ትሆናለች፤ መቶ ሰው ይዛ ትወርዳለች» ይል ነበር። ይህ ልማድ ቤትም አልለቀቀውም። የሚጠጣውን ውሃ ሁሉ ወደ መስኮቱ አንስቶ ሳያይ አይጠጣም። እናቴ በዚህ ትስቅበት ነበር፤ ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላገኘሁም። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለነበረ ግን የውጭ አገር ጎብኚዎችን የሚያስተናግድ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአስጎብኚነት ቀጠረኝ። ዘመኑ የደርግ ነው። ጎብኚ ብዙ አይመጣም፤ የሚመጣውም በቡድን ነው የሚመጣው፣ በቡድን ነው የሚሄደው። ከመጀመራችን በፊት ኮርስ ሰጡን። የትኛው መንገድ ይታያል፣ የትኛው አይታይም፣ ስለ ድርቁ ከጠየቁ ምን ይባላል፣ ስለ ሰልፉ ከጠየቁ ምን ይባላል፤ መልሱ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ነበር፣ በቃላችን ያዝነው። ጉብኝት ባበቃ ቁጥር ደግሞ ሪፖርት እንጽፋለን፤ ማን ምን ጠየቀ፣ ምን ተናገረ፣ ምን ፎቶ አነሳ።

አባቴ ደስ ብሎት ነበር። «እኔ አበላቸዋለሁ፣ አንቺ ትቀበያቸዋለሽ» አለኝ። አንዳንድ ጊዜ እንግዶች ስጠብቅ ከሩቅ አየው ነበር፤ ክንፍ ሥር ቆሞ አንገቱን ወደ ቆጣሪው አዘንብሎ። እጄን አላነሳለትም። እሱም አያነሳልኝም። ሥራ ላይ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ነበርን።

አንድ ቀን ወደ መናገሻ ደን የሚሄድ ቡድን ደረሰኝ። አሥራ አምስት የሚሆኑ አውሮፓውያን ናቸው፣ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች። ወደ መናገሻ ለመሄድ መንገዱ በእኛ ሰፈር ነው የሚያልፈው። 18 ማዞሪያ ስንደርስ አውቶቡሳችን ቆመ፤ ሰው መንገዱን ዘግቶት ነበር። የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ በር ላይ ነጭ ጋዝ መጥቷል ተብሎ ሴቶች ተሰልፈዋል። ሰልፉ ከሱቁ በር ጀምሮ አጥሩን ዞሮ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። የሚበዙት ከሌሊት ጀምሮ የቆሙ ናቸው። ድካም የያዛቸው በጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ በቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠው ሄደዋል።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አሉኝ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ቀስ የሚሉ ሰው ነበሩ። ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር መሆናቸውን በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል።

በቃሌ የያዝኩትን መልስ ሰጠሁ። «ፍትሐዊ ክፍፍል ነው» አልኩ።

«የምን?»

«የነጭ ጋዝ። ለምድጃና ለፋኖስ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ካሜራዋን አነሳች። ሰልፍ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለነበረ ተነስቼ መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ያን ጊዜ ነው እናቴን ያየኋት። ከሰልፉ መካከል ላይ ነበረች፣ አረንጓዴውን ጀሪካናችንን በገመድ ወገቧ ላይ አስራ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሰላም ልትለኝ ከንፈሯ ሲላቀቅ አየሁ፣ ከዚያ ከኋላዬ የነጮቹን ፊት አየች መሰለኝ፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ወደ አጥሩ ዞረች። ከውጭ አገር ሰው ጋር ሰላምታ መለዋወጥ በእኛ ቀበሌ የሚያስጠይቅ ነገር እንደነበር ታውቃለች። ለእኔ ብላ ነው የዞረችው። እኔም እንደማላውቃት ሆኜ ቆምኩ። ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ መንገድ ከፈተና አለፍን።

ደኑ ውስጥ ሌሎቹ ከጥበቃው ጋር ወደ ላይ ወጡ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ስላመማቸው የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ፤ ብቻቸውን መተው ስለማይፈቀድ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በቀጭኗ መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው አለፉ። ቀደም ብሎ ከጎብኚዎቹ አንዱ እነዚህኑ ሴቶች አይቶ «ደኑን የሚጨርሱት እነዚህ ናቸው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሰምተዋል።

«እኛን ያመጣን አውሮፕላን ምን እንደሚያቃጥል ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አባቴ ነው የሚሞላው» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ስለ ቤተሰብ ለጎብኚ መናገር አይፈቀድም ነበር።

ዞር ብለው አዩኝ። «እንግዲያው ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም ነበር። እነዚያ ሴቶች የተሰለፉለት ራሱ ነው፣ ትንሽ ጠርቶ። እኛ ይህን ዛፍ ለማየት ሌሊቱን ሙሉ እሱን እያቃጠልን መጣን። እነዚህ ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመው የማይጨርሱትን ያህል።»

 ለዚህ የተጻፈ መልስ አልነበረኝም።

«ጭሱ ደግሞ እንደ ምድጃ ጭስ አይደለም» አሉ። «በጣም ከፍ ብሎ ነው የሚቀረው፣ ዝናብ ከሚዘንብበት በላይ። ይከማቻል። የምድርን ሙቀት ይይዛል። ቀስ እያለ ዝናቡን ያዛባዋል ብለው የሚፈሩ ሰዎች አሉ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎቼ ይህንን ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ ትኬት ገዛሁ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ሳልሞት ላየው ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።» ካሜራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እስከሚሄዱ ድረስ ሲያወጡት አላየሁም።

ማታ ሪፖርቴን ስጽፍ ይህን ንግግር ዘለልኩት። ምን ብዬ እንደምጽፈው ስላላወቅሁ ነው። ስለ ደኑ አድናቆታቸውን ገለጹ ብዬ ጻፍኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመልሳለች። ተራዋ ሊደርስ ስድስት ሰው ሲቀረው ጋዙ አለቀ። በሰጋቱራ ምድጃ ሽሮ ሠርታ በላን፤ ቤቱ ጭስ በጭስ ነበር። አባቴ ያስላል።

«አባዬ» አልኩት፣ «አውሮፕላን የሚጠጣው ነጭ ጋዝ ነው እንዴ?»

«የጠራ ነው እንጂ ያው ነው።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?»

«ምን ብዬ? የአውሮፕላን ነው። እኛን አይመለከትም።»

ሽማግሌው ያሉኝን ነገርኩት። ስለ ጭሱ፣ ስለ ዝናቡ። እጁን ሳህኑ ላይ እንዳቆመ ሰማኝ።  ከዚያ እንዲህ አለ፤ «ወደ ላይ የሚወጣውን እኔ አላውቅም። ከዓይኔ እስኪጠፋ ነው የማየው። ወደ ታች የሚሄደውን ግን አውቃለሁ።»

ያን ቀን ነው የነገረን። ለምርመራ በየጊዜው ከቦቴው ሥር የሚቀዳው ነዳጅ ወደ ቦቴው አይመለስም። በበርሜል ይጠራቀማል። በርሜሉ ሲሞላ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋል። ክረምት ሲሆን ጉድጓዱ ይሞላና ከአጥሩ ውጭ ወዳለው ቦይ ይፈስሳል፣ ከቦዩ ወደ ወንዝ። የሚደፋው ራሱ አባቴ ነው። ከጀመረ ብዙ ዓመቱ ነው።

እናቴ ጭልፋዋን አስቀመጠች። «ብዙ ነው የምትደፋው?»

«አንዳንድ ቀን አንድ ጀሪካን። አንዳንድ ቀን ከዚያ በላይ።»

«ንጹሕ ነው?»

«ከሥሩ ትንሽ ውሃ አለው። ቢጠለል ንጹሕ ነው።»

«ለምን አታመጣውም ታዲያ?»

«አንድ ጠርሙስ ይዞ የተገኘ ሰው በአሻጥር ነው የሚጠየቀው። የወሰዱት ልጅ አለ። አልተመለሰም። ድፋው ተብሏል፣ እደፋዋለሁ።»

እናቴ ስትናደድ የምትጮህ ሴት ነበረች። ያን ቀን አልጮኸችም። ጀሪካኑን አንስታ ከበሩ ኋላ አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጥታን ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ለብዙ ቀን ከአባቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገረችም።

በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ «ነይ ላሳይሽ» አለኝ። አውቶቡስ ይዘን ሄድንና ከማረፊያው አጥር ውጭ ባለው ሜዳ በእግራችን ዞርን። ቦዩ ጋ ሳንደርስ ሽታውን አወቅሁት፤ የአባቴ ትራስ ሽታ ነው። ውሃው ላይ ቀለም የሚለዋውጥ ስስ ነገር ተንሳፍፏል። ከወንዙ ዳር አንዲት ሴት ጎመን ትተክላለች። ጠና ያለች ሴት ናት፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ በጣሳ ከወንዙ እየቀዳች ታጠጣለች።

አባቴን ስታይ ፊቷ በራ። በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ፤ አባቴ የሆለታ አካባቢ ሰው ስለሆነ ቋንቋው የእናቱ ነው፣ እኔም ከእሱ ለምጄ እሰማለሁ። «ደንበኛዬ ዛሬ ልጁን ይዞ መጣ» አለች። ስለ ጤና ተጠያየቁ። ባለፈው ክረምት የሞተችባትን ጥጃ እንደገና አነሳችለት፤ ሆዷ ተነፍቶ በአንድ ቀን አለቀች፣ ምን እንደነካት አላውቅም አለች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ እስር ጎመን ገዛ። ሴትየዋ አንድ ተጨማሪ እስር ለእኔ መረቀችልኝ።

ወደ መንገዱ ስንመለስ፣ እሷ የማታየን ቦታ ላይ ስንደርስ፣ አባቴ ቆመ። ጎመኑን ከእጄም ተቀብሎ ገደል ውስጥ ወረወረው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው» አለ። «ጥጃዋ ከሞተች ጀምሮ። እኔ የገዛሁትን ሌላ ሰው አይበላውም።»

«ለምን አትነግራትም?»

«ብነግራት ለሰው ትናገራለች። ስትናገር ማን ነገረሽ ይሏታል።»

 አውቶቡስ ውስጥ መዳፉን ደጋግሞ ሱሪው ላይ ሲጠርግ አይቻለሁ።

በአባቴ መሥሪያ ቤት እንደሌላው ሁሉ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበር። ሠራተኛው ተሰብስቦ ካድሬው የሚያነበውን ያዳምጣል፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ካለ ይባላል፣ ጥያቄ የለም፣ ይበተናል። አባቴ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ተናግሮ አያውቅም። በዚያ ሳምንት እጁን አነሳ። የሆነውን ራሱ ነው ማታ የነገረን።

ተነሳና ስለ በርሜሉ ተናገረ። የሚደፋው ነዳጅ ንብረት ነው አለ፤ ተጠልሎ ለቀበሌዎች ቢሰጥ ሕዝቡ ሰልፍ ባልቆመ። መደፋቱ ቢቀር ወንዙ ባልተበላሸ፣ ከብትም ባልሞተ። እስከዚህ ድረስ ሰዉ በዝምታ ሰማው፤ አንዳንዱ ራሱን ነቅንቋል። እዚያ ላይ ቢያቆም ምናልባት ያልፍ ነበር። ግን አንድ ነገር ጨመረ። «ወደ ሰማይ የሚወጣው ጭስም ቢሆን ቆይቶ ዝናቡን ያዛባል ይላሉ የተማሩ ሰዎች» አለ።

ካድሬው ወጣት ነው፣ ድምፁ የለሰለሰ። «የትኞቹ የተማሩ ሰዎች ጓድ?» ብሎ ጠየቀው።

አባቴ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

«ጎብኚ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ጎብኚ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። አውሮፕላን እንዳይበር የሚፈልገው ማን ይመስልዎታል?»

«እንዳይበር አላልኩም። ሃያ ዓመት ያበላሁት እኔ ነኝ» አለ አባቴ። ሰዎች ሳቁ። ካድሬው አልሳቀም፤ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ይህን ነግሮን ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺን አላነሳሁም» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። በራሴ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ገብቼበት የማላውቀው ክፍል ነው። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። ሻይ አዘዙልኝ። ጠረጴዛው ላይ የጻፍኳቸው ሪፖርቶች ተከምረው ነበር።

«አባትሽ ስለ አውሮፕላን ጭስ ከማን ሰሙ?»

«አላውቅም።»

«የኬሚስትሪ መምህር የነበሩ ሰው በቡድንሽ ውስጥ ነበሩ። ስለ እሳቸው የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው። ደኑን አደነቁ። ሌላ ምንም አላሉም?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አባትሽ ከየት አመጡት?»

 እውነቱን ብናገር ሪፖርት ደብቄአለሁ፣ ከውጭ ሰው የሰማሁትን ለአባቴ አድርሻለሁ፤ ሁለታችንም እንጠፋለን። አላውቅም ብዬ ብቀጥል እሱን ይወስዱታል። የወሰዱት ልጅ አልተመለሰም ያለው ጆሮዬ ላይ ነበር። ምን እንደምል ሳላስብ አፌ ተከፈተ።

«አባቴ ታሟል» አልኩ።

የሚጽፈው ሰው ቀና አለ።

«ሃያ ዓመት ጋዝ ሲተነፍስ ኖሯል። ራሱን ነክቶታል። የሌለ ነገር ያወራል። ገንዘቡን አውጥቶ ጎመን ይገዛና ገደል ይጥላል። በዓይኔ አይቻለሁ። የሚጠጣውን ውሃ እንኳ ብርሃን ላይ አንስቶ ካላየ አይጠጣም፤ እናቴን ጠይቋት።»

እናቴንም ጠየቋት። ቤታችን ድረስ መጥተው ውሃውን እንዲህ ያደርጋል ወይ አሏት። አዎ አለች። ለምን እንደጠየቋት እንኳ አላወቀችም።

የተናገርኩትን አነበቡልኝና ፈረምኩ።

አባቴ በሐኪም ቦርድ ታየና ለሥራው ብቁ አይደለም ተብሎ በጡረታ ተሰናበተ። በዚያ ዘመን ይህ ምሕረት ነበር። ከመሰናበቱ በፊት ቃሌን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበውለታል። ቱታውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ቤት ሲገባ ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄን ከሳሙናው ሳላወጣ ቀና ብዬ አየሁት።

«ጎመኑን ነገርሻቸው» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

«ጥሩ አሰብሽ።»

 ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አውሮፕላን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ወሬው እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፣ ግን ሰፈር ደረሰ። ሰዎች አባቴን ሲያናግሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃሉን አንድ በአንድ ለያይተው መናገር ጀመሩ። መንገድ ሲሻገር ክንዱን የሚይዙት አሉ። በእድር ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሲሰጥ ፈገግ እያሉ ያዳምጡትና ወደሚቀጥለው ነገር ያልፋሉ። የእድሩ ጸሐፊ ነበር፤ መዝገቡን ለሌላ ሰው ሰጡት፣ «እርስዎ ይረፉ» ብለው። አንድም ቀን ጤነኛ ነኝ ብሎ አልተከራከረም። ቢከራከር የእኔ ቃል ውሸት ይሆናል። ቤት ውስጥ ግን ውሃ ሲሰጡት ወደ መስኮቱ ሳያነሳ ይጠጣ ጀመር። እናቴ ይህን ስታይ ከክፍሉ ትወጣለች።

ጡረታ ከወጣ ጥቂት ወራት እንዳለፈ አንድ ጠዋት «ልነግራት ነው» አለ። ብቻውን እንዳይሄድ ፈርቼ አብሬው ሄድኩ። ሴትየዋ እዚያው ነበረች። ጎመኑ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አድጓል። አባቴ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ጉድጓዱን፣ በርሜሉን፣ ይደፋ የነበረው እሱ መሆኑን። ጥጃዋን የገደላት እሱ እንደሚመስለው ሳይቀር። ሴትየዋ ጣሳዋን ይዛ አዳመጠችው።

«አውቃለሁ» አለች። «ውሃው አፍንጫዬ ሥር ነው፤ እንዴት አላውቅም? ጥጃዋ የሞተች ዕለት አውቄያለሁ። ታዲያ ወዴት ልሂድ? ያለኝ መሬት ይኼ ነው።»

አባቴ ይቅርታ ጠየቃት። እጇን አወናጨፈች፤ ያንተ ጥፋት አይደለም እንደማለት። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ ያላት መሰለኝ።

«አንተ ይህን እያወቅህ ነው ስትገዛኝ የነበረው?»

«አዎ።»

«ትበላው ነበር?»

አባቴ አልመለሰም። ሴትየዋ እሱንም እኔንም ተራ በተራ አየችን። ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ። ስለ ውሃው ሲነግራት እንዲህ አልሆነችም ነበር።

«ምስኪን መስዬህ ነው» አለች። «እኔ ደንበኛ አገኘሁ ብዬ ትልልቁን እየመረጥኩ አቆይልህ ነበር። ልጆቼ ይህንኑ ጎመን ነው የሚበሉት። አንተ ትጥለዋለህ?»

ጣሳዋን አንስታ ወደ ወንዙ ወረደች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር። የለኝም፣ አልቋል ትለዋለች አሉ፣ ጎመኑ መሬቱን ሞልቶት ሳለ። በሦስተኛው መሄዱን ተወ።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም፤ አባቴ ቤት ከዋለ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በእኔ ነው። ጎብኚዎች መጡ፣ ሄዱ። ክንፍ ሥር የሚቆመው ሌላ ሰው ነበር፣ ወጣት ነው፣ ጠርሙሱን አየት አድርጎ ነው የሚደፋው። በርሜሉ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሪፖርቴን አሟልቼ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ጎብኚዎቹ ከሚሉት አንድም ቃል አላስቀርም። ለዚህም አንድ ጊዜ ተመስግኛለሁ።

የአባቴ ሳል እየባሰ ሄደ። ሐኪሞቹ ሳንባው ነው አሉ፤ ከምን እንደመጣ ሲጠይቁት ከሰጋቱራው ጭስ ነው ይላቸዋል። ደርግ ከመውደቁ በፊት በነበረው ክረምት አረፈ። ዝናቡ በዚያ ዓመት ዘግይቶ ገባና ከገባ በኋላ አላቋርጥ አለ፤ ድንኳኑ ውሃ እየቋጠረ በእንጨት እየገፋን ነበር ለቀስተኛ የምናስተናግደው።

በሁለተኛው ቀን አንድ የእድሩ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው ለሌላው ሲያወሩ ሰማሁ። «ጨዋ ሰው ነበር» አሉ። «ጋዙ ነው ራሱን የነካው እንጂ። ጎመን እየገዛ ይጥል ነበር ይባላል።» ሌላው ራሱን እየነቀነቀ ነፍሱን ይማር አለ። እናቴ ከፊት ለፊቴ ፍራሽ ላይ ነበረች። ሰምታለች። ቀና ብላ አየችኝና ጠበቀች።

አባቴ ጤነኛ ነበር ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሁሉ የሚያውቁን ሰዎች ናቸው። ግን ካድሬዎቹም ገና ነበሩ፣ ፊርማዬም የሆነ መዝገብ ውስጥ ነበር፣ ወር ሲደርስ የሚመጣው ደመወዝም ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ቀና ብዬ ውሃው የቋጠረበትን ቦታ አየሁ። እናቴ ዓይኗን ከእኔ አነሳች።

በአምስተኛው ቀን ጥቁር ልብሴን በመሥሪያ ቤቱ ካፖርት ሸፍኜ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ሃያ ሰው ያለበት ቡድን ይመጣ ነበር። ስሞቻቸው የተጻፉበትን ወረቀት ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።